ሺህ መዝገብ በአንድ ዳኛ ፊት

በአሜሪካ ፌዴራላዊ የዳኝነት ሥርዓት ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃ ሥልጣን ያላቸው 94 የዲስትሪክት ፍርድ ቤቶች አሉ፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ዳኞች፣ የሥራ ልማድና የቀጠሮ ሰሌዳ ስላላቸው፣ አንድ መድኃኒት በመላ አገሪቱ ተሸጦ ሕመምተኞችን ቢጎዳ ወይም አንድ የመኪና ሞዴል ጉድለት ተገኝቶበት ገዢዎችን ቢያከስር፣ ከሜይን እስከ ካሊፎርኒያ ያሉ ተጎጂዎች በየፊናቸው ክስ ሊመሠርቱ ይችላሉ። ተከሳሹ ኩባንያ ግን አንድ ነው፤ ዕቃውን የነደፉት መሐንዲሶች፣ የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎችና የፈተና ውጤቶቹም ያው ናቸው። እያንዳንዱ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለብቻው ልያዝ ቢል፣ አንድ መሐንዲስ በደርዘን ከተሞች እየተጠራ ያንኑ ቃል ሲደጋግም ይከርማል፤ ከዚያም የከፋው፣ አንዱ ዳኛ አንድ ሰነድ ለከሳሾች ይሰጥ ብሎ ሲያዝ ሌላው ዳኛ ያንኑ ሰነድ የንግድ ምስጢር ነው ብሎ ሊከለክል ይችላል።

ለዚህ ችግር የተዘጋጀው መፍትሔ በአሜሪካ የሕግ ድንጋጌዎች ስብስብ በርእስ 28 አንቀጽ 1407 ላይ የሰፈረው ሥርዓት ሲሆን፣ በልዩ ልዩ ዲስትሪክቶች የተከፈቱ ተመሳሳይ የፍትሐ ብሔር ክሶች ለጊዜው ወደ አንድ ዳኛ እንዲዛወሩ ይፈቅዳል። ተመሳሳይ የሕግ ወይም የፍሬ ነገር ጥያቄ የሚነሣባቸውን መዝገቦች ማጣመር ለኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያም እንግዳ አይደለም፤ የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ክሶችን ስለማጣመር ይደነግጋል። የአሜሪካውን ሥርዓት ልዩ የሚያደርገው ስፋቱ ነው፤ የፍርድ ቤቶችን ወሰን አልፎ አገር አቋራጭ በመሆኑ፣ በአንድ ዳኛ ጠረጴዛ ላይ በሺዎች፣ አልፎ አልፎም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ክሶች ይከመራሉ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሥርዓቱ መነሻ የመድኃኒትም የአውሮፕላንም አደጋ ሳይሆን የዋጋ ሤራ ነበር። በ1950ዎቹ ጄኔራል ኤሌክትሪክንና ዌስቲንግሃውስን የመሳሰሉ የታወቁ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አምራቾች ሥራ አስኪያጆች በየሆቴሉ በድብቅ እየተገናኙ ዋጋ ይቆርጡ፣ ጨረታውን ማን እንደሚያሸንፍም አስቀድመው ይከፋፈሉ ነበር፤ በአንዱ የመሣሪያ ዓይነት ላይ ዝቅተኛውን ዋጋ የሚያቀርበው ተረኛ ይታወቅ የነበረው፣ ኋላ በጨረቃ ዙር በተሰየመ የተራ ሰንጠረዥ ነው። የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን የተባለው የመንግሥት የኃይል ድርጅት፣ በታሸጉ ፖስታዎች የቀረቡለት ዋጋዎች እስከ ሳንቲም ድረስ አንድ ዓይነት ሆነው እንደሚያገኛቸው ይፋ ካደረገ በኋላ ምርመራው ተጠናክሮ፣ በ1960 በፊላደልፊያ የወንጀል ክስ ተመሠረተ፤ በ1961 መጀመሪያም ሰባት ሥራ አስኪያጆች ወኅኒ ወረዱ። እስራቱ የአንድ ወር ብቻ ቢሆንም፣ የተከበሩ የኩባንያ ሹማምንት በዋጋ ሤራ ምክንያት መታሰራቸው ለዘመኑ ትልቅ ወሬ ነበር።

ለፍርድ ቤቶቹ የተረፈው ግን ሌላ ጣጣ ነው። የአሜሪካ የንግድ ውድድር ሕግ በሤራ የተጎዳ ገዢ የጉዳቱን ሦስት እጥፍ ካሳ እንዲጠይቅ ስለሚፈቅድ፣ የኃይል ማመንጫ ኩባንያዎችና የከተማ አስተዳደሮች ከ1,900 በላይ ክሶችን በ35 ዲስትሪክቶች አቀረቡ። የወቅቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ኧርል ዋረን በ1962 መጀመሪያ ላይ በዳኛ አልፍሬድ መራ የሚመራ የዘጠኝ ዳኞች አስተባባሪ ኮሚቴ እንዲቋቋም ሲያደርጉ፣ ኮሚቴው ማንንም የማዘዝ ሥልጣን አልነበረውም፤ መሣሪያው ማግባባት ብቻ ነበር። ዳኞቹ አንድ ዓይነት ትእዛዝ አርቅቀው በየዲስትሪክቱ ያሉ ባልደረቦቻቸው እንዲፈርሙበት አደረጉ፤ ምስክሮች ከመላ አገሪቱ በተሰበሰቡ ጠበቆች ፊት አንድ ጊዜ ብቻ ቃላቸውን እንዲሰጡ፣ ሰነዶችም ሁሉም በሚያዩበት አንድ ማከማቻ እንዲቀመጡ አመቻቹ። ክሶቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹ በስምምነት ሲዘጉ፣ ኮሚቴው በልመና የሠራውን በሕግ ለማጽናት የተረቀቀው አንቀጽ በሚያዝያ 1968 ጸደቀ። ሕጉን ያረቀቁት ዳኞቹና አብረዋቸው የሠሩ ምሁራን መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል፤ ሥልጣኑን የሚፈልጉት ሰዎች ራሳቸው ሥልጣኑን ነደፉት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሕጉ መሠረት የተቋቋመውና የብዙ ዲስትሪክት ክሶች የዳኞች ጉባኤ ሊባል የሚችለው አካል ሰባት አባላት አሉት፤ ሁሉም በሥራ ላይ ያሉ የፌዴራል ዳኞች ሲሆኑ የሚሾሟቸው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ናቸው። ከአንድ የይግባኝ ክልል ሁለት ዳኞች ሊመረጡ አይችሉም፤ ማንኛውም ውሳኔም ቢያንስ የአራት አባላት ድምፅ ያስፈልገዋል። ጉባኤው የማጣመር ጥያቄ ሲቀርብለት የሚመዝናቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ክሶቹ ቢያንስ አንድ የጋራ የፍሬ ነገር ጥያቄ እንዳላቸው፣ ዝውውሩ ለተከራካሪዎችና ለምስክሮች እንደሚመች፣ እንዲሁም ፍትሐዊና ቀልጣፋ ሂደትን እንደሚያግዝ ማረጋገጥ አለበት። ጥያቄውን ከሳሽም ተከሳሽም ሊያቀርብ፣ ጉባኤውም በራሱ ተነሣሽነት ሊያነሣው ይችላል።

ጉባኤው በየሁለት ወሩ፣ አንድ ጊዜ በአንዱ ከተማ ሌላ ጊዜ በሌላው፣ ተሰይሞ ክርክር ይሰማል። ለእያንዳንዱ ጠበቃ የሚፈቀደው ጊዜ በደቂቃዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ ሙግቱም ብዙውን ጊዜ ክሶቹ ይጣመሩ አይጣመሩ ከሚለው ይልቅ የትኛው ከተማና የትኛው ዳኛ ይሁን በሚለው ላይ ያተኩራል፤ ጠበቆች የቀጣዮቹን ዓመታት ዕጣ የሚወስነው ይህ መሆኑን ጠንቅቀው ያውቃሉና። ጉባኤው ዳኛውን ሲመርጥ የተከሳሹን መሥሪያ ቤት ቅርበት፣ ክሶች በብዛት የተከፈቱበትን ስፍራ፣ የዳኛውን ልምድና የሥራ ጫና ይመለከታል። አንዴ ከወሰነ በኋላ ዘግይተው የሚመጡ ተመሳሳይ ክሶች፣ ተከታይ ክሶች የሚባሉት፣ አዲስ ክርክር ሳያስፈልጋቸው በቅድመ ሁኔታ ትእዛዝ ወደዚያው ዳኛ ይተላለፋሉ፤ ተቃዋሚ ካለ በ7 ቀን ውስጥ መቃወሚያውን ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ጉባኤው ማጣመርን እምቢ ካለ ይግባኝ የለም፤ ከፈቀደም ውሳኔውን ለማስለወጥ ያለው መንገድ እጅግ ጠባብ ነው። የአንድ ክልል የራሱ ፍርድ ቤቶች የያዟቸው ክሶች ግን ከጉባኤው ሥልጣን ውጭ ስለሆኑ፣ አንድ ጉዳይ በፌዴራልም በክልልም ፍርድ ቤቶች ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል።

ይህን አሠራር ከቡድን ክስ ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። በቡድን ክስ ጥቂት ሰዎች በእነርሱ ዓይነት ሁኔታ ላይ ያሉትን ሁሉ ወክለው ይከሳሉ፤ ፍርዱም፣ አልፈልግም ብሎ ራሱን ካላገለለ በስተቀር፣ ችሎቱን ዐይቶት የማያውቀውን ሰው ጭምር ያስራል። በጉባኤው በተጣመሩ መዝገቦች ግን እያንዳንዱ ከሳሽ የራሱ ክስ፣ የራሱ ጠበቃና የራሱ የመዝገብ ቁጥር አለው፤ ክሱ ወደ ሩቅ ከተማ ሲዛወርም መጀመሪያ የተከፈተበትን ክልል ሕግ ይዞ ይሄዳል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1997 አስቤስቶስ የተባለው ማዕድን የጎዳቸውን ሰዎች በአንድ የቡድን ስምምነት ለማጠቃለል የተሞከረውን ዕቅድ፣ የተጎጂዎቹ ሁኔታ እጅግ የተለያየ ነው በማለት ውድቅ ካደረገ ወዲህ፣ የአካል ጉዳት ክሶች ከቡድን ክስ እየሸሹ ወደ አንቀጽ 1407 ጎርፈዋል።

ተረካቢው ዳኛ መዝገቦቹን ሲቀበል የመጀመሪያው ሥራው ጠበቆቹን ማደራጀት ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ የሕግ ቢሮዎች በአንድ ችሎት ሊናገሩ ስለማይችሉ፣ ዳኛው ከመካከላቸው መርጦ የከሳሾች አመራር ኮሚቴ ይሰይማል፤ ኮሚቴው ሁሉንም ወክሎ ሰነድ ይጠይቃል፣ ምስክር ይመረምራል፣ ለድርድር ይቀመጣል። ለዚህ የጋራ ድካም የሚከፈለው ገንዘብ ከእያንዳንዱ ከሳሽ ክፍያ ላይ ተቀንሶ ወደ አንድ ቋት ይገባል። ስለዚህ አንድ ከሳሽ የመረጠው ጠበቃ በክሱ ዋና ጉዳዮች ላይ አንዲትም ቃል ሳይናገር ክሱ ሊያልቅ ይችላል። ቀጥሎ የሚመጣው የማስረጃ ልውውጥ ነው፤ በአሜሪካ ሥርዓት ተከራካሪዎች ዋናው ክርክር ከመሰማቱ በፊት አንዱ ከሌላው ሰነድ የመጠየቅና ምስክሮችን ከችሎት ውጭ በቃለ መሐላ የመመርመር ሰፊ መብት ስላላቸው፣ አብዛኛው ጊዜና ወጪ የሚፈሰው እዚህ ላይ ነው። የባለሙያ ምስክሮች ሳይንሳዊ አስተያየት ለጁሪ፣ ማለትም ፍሬ ነገሩን ለሚወስኑት ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች፣ ሊቀርብ የሚበቃ መሆኑን የሚወስነውም ይኸው ዳኛ ነው፤ መድኃኒቱ በሽታውን ያስከትላል የሚለውን የሳይንስ ምስክርነት ከከለከለ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ክሶች በአንድ ብይን ይወድቃሉ።

ሕጉ ዝውውሩን የፈቀደው ከዋናው ክርክር በፊት ላለው ዝግጅት ብቻ ነው። ዝግጅቱ ሲያበቃ እያንዳንዱ ክስ ወደ መጣበት ፍርድ ቤት መመለስ አለበት። ተረካቢ ዳኞች ግን ለብዙ ዓመታት በሌላ የሥነ ሥርዓት ድንጋጌ እየተጠቀሙ ክሶቹን ለራሳቸው እያዛወሩ ያስቀሩ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 ሌክሲከን በተባለው መዝገብ፣ ሕጉ መመለስን ግዴታ ያደረገ መሆኑን ጠቅሶ ይህን ልማድ በአንድ ድምፅ አስቆመ። በጽሑፍ ሲታይ ከሳሹ አሸነፈ። በተግባር ግን ወደ ቤታቸው የሚመለሱት ክሶች ከጠቅላላው ጥቂት በመቶ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ እዚያው ይዘጋሉ፣ ወይም በገንዘብ ስምምነት ያልቃሉ። የሥርዓቱ ዋነኛ ተቃርኖ ይህ ነው፦ ሕግ አውጪው የመሰናዶ ክፍል ብሎ የሠራው ቤት የጉዳዩ ፍጻሜ የሚወሰንበት እልፍኝ ሆነ።

ስምምነቱ እንዴት እንደሚወለድ ለመረዳት የቫዮክስን ጉዳይ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። መርክ የተባለው ኩባንያ ይህን የሕመም ማስታገሻ የልብ ጥቃትና የስትሮክ አደጋን ከፍ ያደርጋል የሚል ጥናት ከወጣ በኋላ በመስከረም 2004 ከገበያ አነሣው፤ በ2005 ጉባኤው የፌዴራል ክሶቹን በኒው ኦርሊንስ ወደሚገኙት ዳኛ ኤልደን ፋለን አዛወረ። ዳኛው በጥቂት ክሶች ላይ ናሙና ችሎት ማካሄድ መረጡ፤ ይህም ተወካይ ናቸው የተባሉ ጥቂት ክሶች በጁሪ ፊት ሙሉ ክርክር ተደርጎባቸው፣ ሁለቱም ወገኖች የጉዳያቸውን ዋጋ በገሃድ እንዲያዩ የሚያደርግ ዘዴ ነው። የመጀመሪያው ችሎት ሊሰየም ሲል ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ስላጥለቀለቀ ክርክሩ ወደ ሂዩስተን ተዛወረ፤ እዚያም ጁሪው መስማማት ስላቃተው ውጤት ሳይገኝ ቀረና ክሱ እንደገና መሰማት አስፈለገው። በፌዴራል ፍርድ ቤቱ ከተካሄዱት ስድስት ናሙና ችሎቶች አራቱን መርክ አሸነፈ። እንዲህም ሆኖ የቀሩትን በሺዎች የሚቆጠሩ ክሶች አንድ በአንድ መከራከር የማያዋጣው ኩባንያ፣ በኅዳር 2007 4.85 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ገንዘቡ የሚለቀቀው ከተዘረዘሩት ከሳሾች ቢያንስ 85 በመቶው ከተቀበሉ ብቻ ነበር። ይህ ዓይነቱ ቅድመ ሁኔታ ጠበቃው ደንበኞቹን በሙሉ ወደ ስምምነቱ እንዲገፋ ብርቱ ምክንያት ስለሚሆነው፣ የእያንዳንዱ ከሳሽ ነጻ ምርጫ ምን ያህል ነጻ እንደሆነ ያጠያይቃል። ዳኛው በኋላ የጠበቆችን ድርሻ በ32 በመቶ ገደቡ፤ ሕጉ በግልጽ ያልሰጣቸው ሥልጣን ቢሆንም፣ ሥርዓቱ ለአንድ ዳኛ ምን ያህል ስፍራ እንደሚተውለት ያሳያል።

ኢትዮጵያውያን አንባቢያንን በቅርብ የሚመለከተው መዝገብ የተጣመረው ግን በጉባኤው አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከተነሣ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ከቢሾፍቱ ከተማ አጠገብ ወድቆ የ35 አገሮች ዜጎች የሆኑ 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ የሟቾች ቤተሰቦች የአውሮፕላኑን ሠሪ ቦይንግን ከሰሱ። ኩባንያው በዚያን ጊዜ ዋና መሥሪያ ቤቱ በቺካጎ ስለነበረ ክሶቹ በአብዛኛው የተከፈቱት በሰሜናዊ ኢሊኖይ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ነው፤ በአንድ ፍርድ ቤት ውስጥ ላሉ ክሶች ደግሞ አገር አቀፉ ጉባኤ አያስፈልግም። የፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 42 አንድ ፍርድ ቤት በእጁ ያሉትን የጋራ የሕግ ወይም የፍሬ ነገር ጥያቄ ያላቸው ክሶች እንዲያጣምር ስለሚፈቅድ፣ መዝገቦቹ በዳኛ ሆርሄ አሎንሶ ፊት አንድ ላይ ተያዙ። ከአራት ወር በላይ ቀደም ብሎ በጃቫ ባሕር ላይ የወደቀው የላየን ኤር አውሮፕላን ክሶችም በዚያው ፍርድ ቤት በሌላ ዳኛ፣ በቶማስ ደርኪን፣ እጅ ነበሩ። የሁለቱ አደጋዎች መንስኤ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች ከሚገፋው የበረራ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ጋር የተያያዘ ቢሆንም፣ አንዱ አውሮፕላን ባሕር ላይ ሌላው የብስ ላይ በመውደቁ የሚገዛቸው ሕግ ተለያየ፤ በባሕር ላይ ለደረሰ ሞት የሚሠራው የአሜሪካ ሕግ ቤተሰቦቹን የጁሪ ችሎት እንደሚነፍጋቸው የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2024 ወስኗል።

የቢሾፍቱው መዝገብ የማጣመርን ጥቅምና ወሰን ባንድነት ያሳያል። የጋራው ጥያቄ፣ ማለትም ጥፋቱ የማን ነው የሚለው፣ በኅዳር 2021 በአንድ ሰነድ ተቋጨ፤ ቦይንግ አውሮፕላኑ ለበረራ አደገኛ ሁኔታ እንደነበረው አምኖ፣ አብራሪዎቹንም አየር መንገዱንም ሳይወቅስ ለደረሰው ጉዳት ካሳ የመክፈል ኃላፊነቱን ሲወስድ፣ ከሳሾቹ በምላሹ የቅጣት ካሳ፣ ማለትም ከጉዳቱ በላይ አጥፊውን ለመቅጣት የሚፈረደውን ገንዘብ፣ መጠየቃቸውን ተዉ። ተሳፋሪዎቹ አውሮፕላኑ መሬት ከመምታቱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች ለተሰማቸው ሥቃይና ፍርሃት ማስረጃ ለጁሪ ይቅረብ አይቅረብ የሚለው ክርክርም በ2023 በዳኛው አንድ ብይን፣ ይቅረብ ተብሎ፣ ለቤተሰቦቹ ሁሉ መልስ አገኘ። ከዚያ በኋላ የቀረው የእያንዳንዱ ሟች ሕይወትና የእያንዳንዱ ቤተሰብ ኪሳራ ስንት ያወጣል የሚለው ነበር፤ ይህ ደግሞ በባሕርዩ አይጣመርም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 እንዳስገነዘበውም፣ የተጣመሩ ክሶች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሕልውና እንደያዙ ይቆያሉ። ዳኛው ክሶቹን በተራ በተራ ለጁሪ ሲቀጥሩ አብዛኞቹ በቀጠሮው ዋዜማ በምስጢር ስምምነት ተዘጉ፤ ጁሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የካሳ መጠን የወሰነው በኅዳር 2025 ሲሆን፣ ለአንዲት ሟች ቤተሰብ ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደ። አደጋው ከደረሰ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ አልፎ ነበር።

ጊዜ የሥርዓቱ ትልቁ ደካማ ጎን ነው። ጉባኤው ቀደም ሲል ደጋግሞ እምቢ ካለ በኋላ በ1991 ወደ ፊላደልፊያ ያዛወራቸው የአስቤስቶስ ክሶች ከመቶ ሺህ በልጠው ከሃያ ዓመት በላይ ሲንከባለሉ፣ ተራቸውን ሳያዩ የሞቱ ሕመምተኞች ነበሩ፤ መዝገቡ በእውነት መቀነስ የጀመረው በ2008 የተረከቡት ዳኛ ኤድዋርዶ ሮብሬኖ እያንዳንዱ ከሳሽ የሕክምና ማስረጃውን እንዲያቀርብ ካስገደዱ በኋላ ነው። ተቃራኒው ችግር የቁጥር መናር ነው። ማዕከላዊ መዝገብ ሲከፈት የጠበቆች ማስታወቂያ ብዙ ደንበኛ ይስባል፣ ክስ ለመጨመር የሚያስፈልገው ወጪም ያንሳል፤ ለወታደሮች የተሸጠ የጆሮ መከላከያ ድምፅ በአግባቡ አያግድም በሚል በሦስትኤም ኩባንያ ላይ የቀረቡት ክሶች በ2019 በፍሎሪዳ ፔንሳኮላ ወዳሉት ዳኛ ኬሲ ሮጀርስ ከተላኩ በኋላ ከ300 ሺህ አለፉ፤ በታሪክ ትልቁም ሆኑ። ከ16 ናሙና ችሎቶች አሥሩን ከሳሾች አሸነፉ፤ ኩባንያው ጉዳዩን በቅርንጫፉ የኪሳራ አቤቱታ በኩል ለመዝጋት ያደረገው ሙከራ ከከሸፈ በኋላም በ2023 ወደ ስድስት ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በእንዲህ ዓይነት መዝገቦች ምክንያት ከፌዴራል የፍትሐ ብሔር ክሶች ከግማሽ የሚበልጡት በአንቀጽ 1407 ሥር የሚታዩበት ጊዜ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲካሄድ የፌዴራሉ የሥነ ሥርዓት ደንብ ስለ ተረካቢው ዳኛ ሥራ ምንም አይናገርም ነበር፤ ዳኞቹ የሚመሩት በመመሪያ መጻሕፍትና በባልደረቦቻቸው ልምድ ነበር። ክፍተቱን በከፊል የሚሞላው ደንብ 16.1 በታኅሣሥ 1 ቀን 2025 ሥራ ላይ ውሏል። ደንቡ ዳኛው በጊዜ ስብሰባ እንዲጠራ፣ ጠበቆችም ከዚያ በፊት ተመካክረው አመራር እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚከፈለው፣ ማስረጃ እንዴት እንደሚለዋወጥና ክሶቹ መሠረት እንዳላቸው መቼና እንዴት እንደሚጣራ በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ይጠይቃል፤ ብዙዎቹ ነጥቦች ግን ዳኛው ሊተዋቸው የሚችላቸው ናቸው። የተከሳሽ ኩባንያዎች ጠበቆች ለዓመታት የወተወቱት ሐሳብ፣ ማለትም በሺዎች የሚቆጠሩ ክሶችን የሚነካ ብይን ሲሰጥ የመጨረሻው ፍርድ ሳይጠበቅ ይግባኝ እንዲፈቀድ የሚለው፣ በአርቃቂዎቹ ዘንድ ውይይት ተደርጎበት ሳይካተት ቀርቷል። ስለሆነም አንድ ዳኛ የሳይንስ ምስክሮችን ሳይከለክል ሲቀር፣ ተከሳሹ ውሳኔውን ከበላይ ፍርድ ቤት ፊት ለማቅረብ በአብዛኛው አንድ ናሙና ችሎት እስኪያልቅና እስኪፈረድበት መጠበቅ አለበት፤ ከሳሾቹ ደግሞ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለድርድር ይቀመጣሉ።